የመንገዱ ጎርፍ ሱቅ ገባ፤ በጅማ ማስረጊያ መደብ የሠራ ሰው አለ?

የጂረን ግርጌ — ሚያዝያ 14

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። ቤታችን ከጂረን ቁልቁል ሲወርዱ በስተግራ ነው። መንገዳችን ኮብልስቶን ከተነጠፈ ወዲህ ከጭቃ ተገላግለናል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ድሮ መሬት ይጠጣው የነበረው ዝናብ አሁን ድንጋዩ ላይ ተንደርድሮ በቀጥታ እኛ በር ይደርሳል። ባለፈው ሐሙስ የጣለው ዝናብ ግማሽ ሰዓት እንኳን አልሞላም፤ የጎረቤታችን ሱቅ ውስጥ ገብቶ ወለሉ ላይ የተቀመጠ አንድ ኩንታል ስኳር ከሥሩ አቅልጦ ሄደ። እትዬ ጠዋት ከረጢቱን ሊያነሱ ሲጎትቱት እጃቸው ላይ የቀረው ባዶ ጆንያ ነበር።

ከመንገዱ ዳር ያለው ቦይ ግማሹ በደለል፣ ግማሹ በጫት ገረባና በሃይላንድ ጠርሙስ ተሞልቷል። በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ ተጠርጎ ሐምሌ ላይ ይደፈናል።

ስምንት አባወራዎች ተነጋግረን ገንዘብም ጉልበትም ልናዋጣ ተስማምተናል። ውጭ አገር የሚኖር የአክስቴ ልጅ መንገድ ዳር የተቆፈረ፣ አትክልት የተተከለበት፣ ጎርፍ የሚውጥ ጉድጓድ ፎቶ ላከልኝ። እኛም በመንገዱና በአጥራችን መካከል 2 ሜትር ስፋትና 12 ሜትር ርዝመት ያለው ባዶ ቦታ አለን። ዕቅዴ አንድ ሜትር አስቆፍሬ፣ ቀዩን አፈር አለስልሼ መልሼ፣ ጽጌረዳ መትከል ነው። የሞከረ ሰው ካለ ምክሩን ይለግሰን። ክረምቱ ደጃፍ ላይ ነው።

ጠጠርና አሸዋ — ሚያዝያ 14

ወንድሜ፣ ሐሳብህን ወድጄዋለሁ፤ ዕቅድህን ግን አልወደድኩትም። ቆፍሮ ያንኑ አፈር መልሶ ጽጌረዳ መትከል በመጀመሪያው ሐምሌ የጭቃ ገንዳ ያተርፍልሃል። መሐንዲስ ነኝ፤ የማስተምረውም ይህንኑ ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው።

ነገሩ ባዮሪቴንሽን ይባላል። እዚህ መድረክ ላይ ከዚህ በፊት «ማስረጊያ መደብ» ያለው ሰው ነበር፤ እኔም በዚያው እጠራዋለሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ፣ ፕሪንስ ጆርጅስ በተባለ አውራጃ ነው ቅርጽ የያዘው። ጎርፉን በቱቦ አጣድፎ ወንዝ ውስጥ ከመጣል ይልቅ እወረደበት አካባቢ አቁሞ፣ በአሸዋማ አፈር አጥልሎ፣ የተረፈውን ቀስ አድርጎ መልቀቅ ማለት ነው።

ማር አጥልሎ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ጨርቁ በጣም ከጠበቀ ማሩ አይወርድም፤ ከሳሳ ደግሞ ሰፈፉ አብሮ ያልፋል። መደቡም እንደዚያው ነው። ከላይ ውኃው ለጥቂት ሰዓት የሚተኛበት ከ15 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር የጎደጎደ ቦታ ይኖራል። ከሥሩ ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር የሚሆን፣ አብዛኛው አሸዋ የሆነ ድብልቅ ይከተላል። ከዚያ ስስ የደቃቅ ጠጠር ንብርብር፤ ከእሱ ሥር ደግሞ ሻካራ ጠጠርና በውስጡ የተበሳ የፒቪሲ ቱቦ። ጠጠሩና ድብልቁ መካከል ጨርቅ አታንጥፉ፤ ጨርቁ በደለል ይደፈንና ሁሉም ነገር ያበቃል። ደቃቁ ጠጠር የተቀመጠው ለዚህ ነው።

በመጨረሻ ከሁሉም በላይ አስፈላጊው፦ መደቡ ሲሞላ ውኃው የሚሄድበት የታወቀ መውጫ ይኑረው። መውጫ የሌለው መደብ መውጫውን ራሱ ይመርጣል፤ የሚመርጠውም የእትዬን ሱቅ ነው።

አሁን ንገረኝ፦ ወደ እናንተ የሚወርደው መንገድና ጣሪያ በጠቅላላው ስንት ካሬ ሜትር ይሆናል?

የጂረን ግርጌ — ሚያዝያ 15

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ከልጄ ጋር በሜትር ለካነው። የመንገዱ ቁራጭና የሦስት ቤት ቆርቆሮ ተደምሮ ወደ 400 ካሬ ሜትር ይጠጋል። የቀረው ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው የሚፈሰው።

ጠጠርና አሸዋ — ሚያዝያ 15

እንግዲያው ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የመደቡ ስፋት ውኃ ከሚመጣበት ንጣፍ ከ5 እስከ 10 በመቶ ቢሆን ይመረጣል። የእናንተ 24 ካሬ ሜትር ከ400ው 6 በመቶ ነው፤ ጠባብ ነው፣ ግን ይበቃል።

25 ሚሊ ሜትር ዝናብ 400 ካሬ ሜትር ላይ ቢወርድ 10 ሜትር ኩብ ውኃ ነው፤ አምስት ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ማለት ነው። መደቡ 20 ሴንቲ ሜትር ውኃ ከላይ ቢያስተኛ 4.8 ሜትር ኩብ ያዘ። 60 ሴንቲ ሜትር ድብልቅ ውስጥ ሩቡ ባዶ ቀዳዳ ነው ብንል 3.6 ሜትር ኩብ ይጨመራል። ተደምሮ 8.4 ነው። ዝናቡ በሚወርድበት ሰዓትም ውኃው ወደ ታች መስረጉን ስለማያቆም የቀረውን አብዛኛውን ይወጣዋል። ከዚያ በላይ የሆነው በመውጫው ወደ ቦዩ ይሄዳል።

ጤና ኬላ — ሚያዝያ 16

እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ወባ ባለበት ከተማ፣ ሰው በሚኖርበት በር ላይ፣ ውኃ የሚያቁር ጉድጓድ? በየቤቱ እየዞርን «የታቆረ ውኃ አፋስሱ» የምንለው እኛ ነን። ነገ ደግሞ «መሐንዲሱ አስቆፈረን» ልትሉን ነው?

ጠጠርና አሸዋ — ሚያዝያ 16

እህቴ፣ ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ የጤና ባለሙያ ቢኖር ነበር የሚያሳስበኝ።

የወባ ትንኝ ከእንቁላል ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ ሳምንትና ከዚያ በላይ ያስፈልጋታል። በደንብ የተሠራ መደብ ላይ የተኛ ውኃ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ይሰርጋል። ዕጩ ብትፈለፈልም ውኃው ከሥሯ ይሸሻል። በሦስተኛው ቀን ውኃ ካለ መደቡ ታሟል ማለት ነው፤ ወዲያውኑ መታከም አለበት። አሁን ትንኝ እያራባ ያለው በገረባ የተደፈነው ቦይ ነው። እዚያ ውስጥ ውኃው ለሳምንታት ይተኛል፤ አንድ ሰው ግን «ቦይ ለምን ተሠራ?» ሲል ሰምቼ አላውቅም።

ጤና ኬላ — ሚያዝያ 16

በቦዩ ነገር ተሸንፌያለሁ። የሦስት ቀኑን ግን ይዤዋለሁ። ሐምሌ ላይ በእንጨት ልኬ አያለሁ።

የመልኮ አትክልተኛ — ሚያዝያ 17

ጽጌረዳውን እርሱት። እግሩ ውኃ ውስጥ ከዋለ ይሞታል፤ ውኃ ከተለየው ደግሞ ይደርቃል። ለዚህ ቦታ የሚያስፈልገው በሐምሌ መጥለቅለቅን፣ በጥር ድርቅን የሚችል ተክል ነው።

ቬቲቨር ትከሉ። ይህ ሣር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ አገራችን ሲገባ መቀመጫው እዚሁ መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ነበር፤ ከዚህ ተነሥቶ ወደ ኢሉባቦር ተስፋፋ። የራሳችን ነገር በደጃችን እያለ ለምን ከሩቅ እንፈልጋለን? ሥሩ ወደ ጎን አይሄድም፤ እስከ 3 ሜትር ቁልቁል ይወርዳል። ሥር የወረደበት አፈር ደግሞ በቀላሉ አይደፈንም፤ ውኃው በሥሩ ጎን ለጎን መንገድ ያገኛል። ዘር ስለማይበትንም አረም ሆኖ አያስቸግርም፤ ከቁጥቋጦው ከፋፍላችሁ ትተክላላችሁ። በጠርዙ ደሾ ሣር ይሆናል። መሐል ላይ ለዓይን ያህል ቄጠማ ብትጨምሩ አልጠላም፤ ግን ቄጠማ የረግረግ ልጅ ስለሆነ በአሸዋ ውስጥ በበጋ ይገረጣል። ባሕር ዛፍ በዚያ አካባቢ እንዳላይ!

ላዩን ደግሞ የቡና ገለፈት አልብሱት። በነፃ ይገኛል፤ ጅማ ላይ የሞላ ነገር ነው።

ጠጠርና አሸዋ — ሚያዝያ 17

ጋሼ፣ በገለፈቱ አልስማማም። አንደኛ ቀላል ስለሆነ ይንሳፈፋል፤ የመጀመሪያው ጎርፍ ሰብስቦ መውጫው ላይ ይከምረዋል። ሁለተኛ ጥሬ ገለፈት ሲበሰብስ ጥቁርና ጎምዛዛ ውኃ ያወጣል። ይህ መደብ የተሠራው ውኃ ለማጥራት እንጂ ለማጥቆር አይደለም።

ኮምፖስትም ቢሆን በልክ ይሁን። የቀድሞዎቹ መመሪያዎች ከድብልቁ እስከ ሲሶው ድረስ ኮምፖስት ይሉ ነበር። ቆይቶ ሲለካ ከመደቡ የሚወጣው ውኃ ከገባው የበለጠ ፎስፎረስ ይዞ ተገኘ። የእኛ ፎስፎረስ በአዌቱ ወንዝ በኩል ወደ ቦዬ ረግረግ ነው የሚወርደው፤ እዚያ ደግሞ አረም ያጠግባል። ስለዚህ አሥር እጅ ቢሆን አንዱ ኮምፖስት ይበቃል፤ በደንብ የበሰለ ይሁን። ላዩን ጠጠር አልብሱት።

ለቄጠማው ግን መላ አለው። የታችኛው ቱቦ የሚወጣበትን ክርን ወደ ላይ አጥፋችሁ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብታደርጉት፣ ከሥር ያለው ጠጠር ውኃ ይይዛል። ውኃው ከመሬት በታች ስለሆነ ትንኝ አትደርስበትም፤ የቄጠማው ሥር ግን ይደርስበታል። በዚያ አየር በሌለበት ጥልቀት ያሉ ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ወደ ጋዝ ለውጠው ያስወጡታል፤ የተለመደው መደብ የሚደክመውም በናይትሬት ላይ ነው። ደለሉን፣ የመኪና ዘይቱንና እንደ ዚንክና እርሳስ ያሉትን ብረቶች ግን ከላይ ያለው ድብልቅ ራሱ በደንብ ይይዛቸዋል።

የመልኮ አትክልተኛ — ሚያዝያ 17

ገለፈቱን አንሥቻለሁ። በቄጠማው ካስከኝ።

ቆጪ ሰፈር — ሚያዝያ 19

ሁላችሁም ደስ ብሏችኋል፤ እኔ ላበላሽባችሁ። ቻይና «ስፖንጅ ከተማ» ብላ እንዲህ ባለው ነገር ላይ ብዙ ገንዘብ አፈሰሰች። ዠንግዡ የተባለችው ከተማም አንዷ ናት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሐምሌ 20 ቀን 2021 በአንድ ሰዓት ብቻ 201.9 ሚሊ ሜትር ዘነበባትና ሰዎች በምድር ውስጥ ባቡር ሳይቀር ሞቱ። አዌቱ ሲሞላ 24 ካሬ ሜትር ሣር ምን ሊያደርግ ነው? ሰፊ ቦይ ይሠራልን ብላችሁ ብትጠይቁ አይሻልም?

ጠጠርና አሸዋ — ሚያዝያ 19

201.9 ሚሊ ሜትር ማለት ጅማ በዓመት ከምታገኘው 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ሰባት እጅ አንዱን ያህል በአንድ ሰዓት መቀበል ነው። ያን ጊዜ ቦዩም ቱቦውም መደቡም አብረው ይሰጥማሉ። መደቡ የሚሠራው በዓመት ብዙ ጊዜ ለሚወርደው ለትንሹና ለመካከለኛው ዝናብ ነው። የእትዬን ስኳር ያቀለጠው ደግሞ እንዲህ ያለው የተራ ቀን ዝናብ እንጂ የመቶ ዓመት ጎርፍ አይደለም። ቦይ አያስፈልግም ያለ ሰው የለም። ግን ከላይ እያንዳንዱ ሰፈር ሙሉውን ውኃ እያጣደፈ ከላከ፣ ከታች ያለው ቦይ የቱንም ያህል ቢሰፋ አይበቃም።

ቆጪ ሰፈር — ሚያዝያ 19

እናያለን።

የቦዬ ሰው — ሚያዝያ 21

ከታች በኩል ላለነውም ጥቂት ልበል። እኔ ያለሁት ከኪቶ ወደ ቦዬ በሚወስደው ዝቅተኛ ቦታ ነው። ባለፈው ነሐሴ ለአጥር ምሰሶ ስቆፍር 80 ሴንቲ ሜትር ላይ ውኃው ከሥር ፈልቆ ወጣ። ምሰሶውን የተከልነው በኩሬ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። እንዲህ ባለ ቦታ ወዴት ነው የሚሰርገው?

ልጅ ሆነን ይህ ሁሉ ጨፌ ነበር። በበዓል ዋዜማ ሴቶች ቄጠማ አጭደው በሸክም ወደ ጅማ መርካቶ ይወስዱ ነበር። አሁን ግማሹ ለጡብ ጭቃ ተቆፍሯል፤ ግማሹ ባሕር ዛፍ ሆኗል። እናንተ ከላይ በ24 ካሬ ሜትር ልትሠሩት የምትደክሙበትን ሥራ ያ ጨፌ በነፃ ይሠራው ነበር።

ጠጠርና አሸዋ — ሚያዝያ 21

ትክክል ነዎት፤ ለእናንተ ቦታ ይህ ዓይነት መደብ አይሆንም። ከመደቡ ወለል እስከ ክረምቱ የከርሰ ምድር ውኃ ድረስ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ቢቻል አንድ ሜትር ደረቅ አፈር መኖር አለበት። አለበለዚያ የመንገዱን ዘይትና ቆሻሻ በቀጥታ የጉድጓድ ውኃ ውስጥ መጨመር ነው።

የጂረን ግርጌም ይህን ይስማ። በሠላሳ ሜትር ክልል ውስጥ የመጠጥ የእጅ ጉድጓድ ካለ ወይም ከላይ ጋራዥና የመኪና እጥበት ካለ ወለሉን በወፍራም ፕላስቲክ አልብሳችሁ ውኃው በቱቦው ብቻ እንዲወጣ አድርጉ። ከቤት መሠረትም 3 ሜትር ይራቅ።

የጂረን ግርጌ — ሚያዝያ 26

መምህር፣ አፈሩ ውኃ በምን ፍጥነት እንደሚያሰርግ ፈትሸናል። 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያላቸው ሁለት ጉድጓዶች ቆፈርን፤ ማታ ውኃ ሞልተን አሳደርናቸው፤ ጠዋት እንደገና ሞልተን ማስመሪያ አቁመን ተቀመጥን። የሰፈር ልጆች ምን እንደምንጠብቅ ግራ ገብቷቸው አብረውን ቆሙ።

የላይኛው ጉድጓድ በሦስት ሰዓት 9 ሴንቲ ሜትር ወረደ። የታችኛው፣ ከአጥሩ ጫፍ ያለው፣ በሦስት ሰዓት 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ። አፈሩ ግን አንድ ዓይነት ቀይ አፈር ነው። ምን ሆኖ ነው?

ጠጠርና አሸዋ — ሚያዝያ 26

ታችኛው ቦታ ላይ መኪና ይቆማል?

የጂረን ግርጌ — ሚያዝያ 26

ሲኖትራክ! ቤት ስንሠራ ብሎኬትና ጠጠር ያራገፈው እዚያ ነው። እንዴት አወቁ?

ጠጠርና አሸዋ — ሚያዝያ 26

የጅማ ቀይ አፈር ሸክላው ብዙ ነው፤ ነገር ግን እንደ ለውዝ ፍሬ ተፈረካክሶ የሚቆም አፈር ስለሆነ በፍሬዎቹ መካከል ውኃ ያሳልፋል። ዋልካ አፈር እንዲህ አይደለም። ቀዩ አፈር ግን እርጥብ እያለ ከተረገጠ ወይም ከተፈጨ ፍሬው ይጠፋና ምጣድ ይሆናል። «አለስልሼ እመልሰዋለሁ» ስትል የከለከልኩህም ለዚህ ነው።

የላይኛው በሰዓት 3 ሴንቲ ሜትር ነው። ቱቦ ሳይኖር ለመሥራት የሚፈለገው በሰዓት 13 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በእጥፍ ያልፋል። በታችኛው በኩል ግን ቱቦው ግድ ነው። ስትቆፍሩ ከዳር ሆናችሁ ቆፍሩ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ገብታችሁ አትርገጡ። ዝናብ ባለበት ቀን ደግሞ ዶማ አታንሡ።

ጤና ኬላ — ሚያዝያ 27

አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ መንገድ ሳልፍ ሁለት ቤቶች የልብስ እጣቢ ወደ ቦዩ ሲለቁ አይቻለሁ። እሱስ ወደ መደቡ ሊገባ ነው?

የጂረን ግርጌ — ሚያዝያ 27

አንደኛው የእኛ ቤት ነው። አፍሬያለሁ።

ጠጠርና አሸዋ — ሚያዝያ 27

እጣቢ በፍጹም አይግባ። መደቡ በዝናብና በዝናብ መካከል መድረቅና መተንፈስ አለበት። በየቀኑ ሳሙናና ቅባት ከገባበት ላዩ ላይ እንደ አተላ ያለ ዝልግልግ ነገር ይጋግርና አንድም ጠብታ አያሳልፍም። ያን ጊዜ የእህታችን ትንኝ እውነት ትሆናለች።

የጂረን ግርጌ — ሰኔ 3

ዘግይቻለሁ፤ ይቅርታ። ሥራው እንዳሰብኩት አልሆነም።

አሸዋው ከሩቅ ነው የሚመጣው። የመጣልንን በጠርሙስ ፈተሽነው፤ ሲሶውን አሸዋ ሞልተን ውኃ ጨምረን መትተን አስቀመጥነው። ሲረጋ ከአሸዋው በላይ ሁለት ጣት ሙሉ ደለል ተኛ። ለሻጩ ብናሳየው «ሰው ፎቅ የሚሠራበትን አሸዋ እናንተ ለሣር አይሆንም ትላላችሁ?» ብሎ ሳቀብን። ገንዘቡን አልመለሰም። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል በየምሽቱ አሸዋ በበርሜል እያጠብን ነው የከረምነው። ሚስቴ «ጤፍ እንኳን እንዲህ አጥቤ አላውቅም» ትላለች።

ሌላው ጥፋት የእኔ ነው። ጉድጓዱ ተከፍቶ እያለ ዝናብ ጣለ። ልጆቹ ሊረዱኝ ብለው ወርደው ጭቃውን በአካፋ ሲያወጡ ወለሉን እንደ አውድማ ለቀለቁት።

ጠጠርና አሸዋ — ሰኔ 3

በአሸዋው አትቆጩ። ከ6 በመቶ በላይ ደለል ያለው አሸዋ ያልታጠበ ከሆነ ለኮንክሪትም አይፈቀድም፤ ፎቅ የሚሠራበት ሰው ራሱ ቢጠነቀቅ ይሻለው ነበር። ወለሉ እስኪደርቅ ጠብቁ፤ ከዚያ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል በዶማ ገልብጡት፤ ሳትረግጡት ጠጠሩን ጨምሩበት።

የጂረን ግርጌ — ሐምሌ 9

ዛሬ ጠዋት ደስ ብሎኝ ነው የምጽፈው። ሰኔ 17 ጨረስን፤ ቬቲቨሩ ከመልኮ መጣልን። ጎርፉ ወደ መደቡ የሚገባበትን የመንገድ ጠርዝ በሁለት ቦታ ከፍተን፣ ከመግቢያው ሥር በድንጋይ የደለል መቀበያ ሳጥን ሠራን።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ያ የታወቀው ዝናብ መጣ። ጃንጥላ ይዤ ቆሜ አየሁት። ውኃው መጀመሪያ ቡናማ ሆኖ ሳጥኑ ውስጥ ተሽከረከረ፤ ከዚያ በድንጋዩ ላይ ተርፎ በሣሩ መካከል ተዘረጋ። የተከልኩት እንጨት ላይ 18 ሴንቲ ሜትር ድረስ ወጣ። ማታ አራት ሰዓት በባትሪ ሳየው ግማሽ ሆኗል። ንጋት ላይ እርጥብ ጠጠር ብቻ ነበር። በታችኛው ቱቦ የሚወጣው ውኃ ክፉኛ የተጣራ ባይሆንም እግሬን ያሳየኛል።

አንድ ችግር ግን አለ፦ ሁለተኛው መግቢያ በገረባ ተደፈነና ውኃው አልፎት ሄደ።

ጠጠርና አሸዋ — ሐምሌ 9

እዚያ መግቢያ ጋ የመደቡ ወለል ከኮብልስቶኑ ጋር እኩል ነው አይደል? ከመግቢያው በታች ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። እኩል ከሆነ መጀመሪያ የሚመጣው ደለልና ቅጠል እዚያው ደፍ ላይ ይቆምና ራሱ ግድብ ይሆናል።

ጤና ኬላ — ሐምሌ 12

ሄጄ አይቻለሁ። በሁለተኛው ቀን ውኃ አልነበረም። ቦዩ ውስጥ ግን ከድልድዩ ሥር ዕጭ ሲርመሰመስ በጭልፋ ቀድቼ ለልጆቹ አሳይቻቸዋለሁ።

የጂረን ግርጌ — ነሐሴ 11

ከሁሉም የከፋው ዝናብ ትናንት ሌሊት ነበር። መደቡ ሞልቶ በመውጫው ወደ ቦዩ ፈሰሰ፤ ቦዩም ሞልቶ ወደ መንገዱ ተመለሰ። ውኃው እትዬ ሱቅ ደፍ ድረስ ደርሶ ቆመ። አልገባም።

ደለሉን በተመለከተ፦ ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ዛሬ ከሳጥኑ ሦስት ጋሪ አውጥተናል። ይህ ሁሉ ሣሩ ላይ ቢተኛ ኖሮ መደቡ ዛሬ በሕይወት አይኖርም ነበር። ስምንታችን ተራ ገብተናል፤ ዘንድሮ ማን እንዳልወጣ ስም እየጠራሁ አላሳጣም።

ቆጪ ሰፈር — ነሐሴ 11

ትናንት በዚያ ሳልፍ እኮ አየሁ፤ እትዬ ደፋቸውን በአንድ ብሎኬት ከፍ አድርገዋል። እንግዲህ ሱቁን ያዳነው ሣሩ ነው ወይስ ብሎኬቱ?

የጂረን ግርጌ — ነሐሴ 11

ተያዝኩ። ብሎኬቱም ነው። ግን በሚያዝያ የግማሽ ሰዓት ዝናብ ገብቶ ነበር፤ ከሰኔ ማለቂያ ጀምሮ ደግሞ ከትናንቱ በቀር ውኃው ደፉን ነክቶት አያውቅም። ብሎኬቱ በሥራ ላይ የዋለው አንድ ሌሊት ብቻ ነው።

ቆጪ ሰፈር — ነሐሴ 12

ለአንድ ሌሊትም ቢሆን ስኳር ይቀልጣል። ያም ሆኖ የእኛ መንገድ 300 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። መምህር፣ 15 ካሬ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ብናገኝ ይበቃል?

ጠጠርና አሸዋ — ነሐሴ 12

5 በመቶ ነው፤ ከዳሩ ላይ ናችሁ። መጀመሪያ ጉድጓዱን ቆፍረህ ውኃ ሙላና ሰዓት ያዝ። የእጅ ጉድጓድም ካለ ሳትደብቅ ንገረኝ።

የጂረን ግርጌ — ጳጉሜን 4

ዛሬ ተናድጃለሁ። የሰፈር ልጆች ለእንቁጣጣሽ ብለው መሐል ያለውን ቄጠማ አጭደው ወስደውታል። የተረፈው ጉቶ ነው። አጥር ላድርግበት እያሰብኩ ነው።

የመልኮ አትክልተኛ — ጳጉሜን 4

አጥር አታድርግ። በዓመት አንድ ጊዜ መታጨዱ ለመደቡ ይጠቅመዋል። ሣሩ ከጎርፉ የወሰደውን ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ይዞ ከዚያ ይወጣል፤ እዚያው ከበሰበሰ ግን መልሶ ይለቀዋል። ልጆቹን ከሥሩ አራት ጣት አስተርፈው እንዲያጭዱ ብቻ አስተምራቸው። ቬቲቨሩን ደግሞ ጥር ላይ ቁረጠው።

ጤና ኬላ — ጳጉሜን 4

ለወለል መጎዝጎዝ ይሁን። ለከብት ግን እንዳይሰጡ፤ የመንገድ ዘይትና ብረት የጠጣ ሣር ነው።

የጂረን ግርጌ — ጳጉሜን 5

ተነግሯቸዋል። ቄጠማውን የት እንዳደረሱት ላጣራ ዞሬ ነበር፤ እትዬ ሱቅ ውስጥ ስኳሩ ሥር ተጎዝጉዞ አገኘሁት።